ተጨማሪ መረጃ፦ ግሉኮስ ምግብን ይተካል?

በየካ ወይም በእንጦጦ ቁልቁለት የመኪና አደጋ ደርሶበት አንጎሉ ክፉኛ የተጎዳ ሰው መዋጥ ቢያቅተው፣ «ግሉኮስ ተሰክቶለታል፤ ይበቃዋል» ትሉ ይሆናል። አይበቃውም። 5 በመቶ ግሉኮስ ያለው አንድ ሊትር ፈሳሽ 50 ግራም ስኳር ብቻ ይይዛል፤ ይህም 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው አንድ አሥረኛ ያህሉ ነው። ፕሮቲንማ ጭራሽ የለውም! የተጎዳው አንጎሉ እንጂ አንጀቱ ስላልሆነ፣ ፈሳሽ ምግብ ከአፍንጫ እስከ ጨጓራ በሚዘልቅ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል፤ ይህም የአፍንጫ-ጨጓራ ቱቦ ይባላል። የራስ ቅሉ መሠረት ከተሰበረ ግን ቱቦው ወደ አንጎል እንዳይገባ በአፍ በኩል ይደረጋል። የመዋጥ ችግሩ ለሳምንታት ከዘለቀ ቱቦው በሆድ ግድግዳ በኩል ጨጓራው ውስጥ ይተከላል። «ቱቦ ካለ ምግቡ ሳንባ አይገባም» የሚለውም ልክ አይደለም፤ ከጨጓራ ተመልሶ ሊገባ ስለሚችል የታካሚው ራስጌ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ይደረጋል። ታካሚው ያቃተው መዋጥ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት፣ እስቲ ጣታችሁን ማንቁርታችሁ ላይ አድርጋችሁ ምራቃችሁን ዋጡ፦ ወዴት ተንቀሳቀሰ? ለምን?