ዘይት የጠጣ ወለል ገንዘብም ይጠጣል

አንድ ጋራዥ ለሽያጭም ሆነ ለኪራይ ገበያ ላይ ሲቀርብ ደላላው አስቀድሞ የሚያወራው ስለ ግቢው ስፋት፣ ስለ አስፋልት ቅርበትና ስለ ሦስት ፌዝ መብራት ነው። ገዢውም ቀና ብሎ ቆርቆሮውን ያያል፤ ዞር ብሎ የበሩን ስፋት ይለካል። ዝቅ ብሎ ወለሉን የሚመረምር ግን ጥቂት ነው። ጉዱ የሚወጣው ውሉ ተፈርሞ፣ ቅድመ ክፍያው ተከፍሎ፣ የመኪና ማንሻ ሊተከል ወለሉ ሲበሳ ነው። ከላይ ያማረው ሊሾ ከሥሩ አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ፣ ዓመታት የፈሰሰበትን ዘይት ጠጥቶ የጠቆረ ኮንክሪት ሆኖ ይገኛል።

በዚህ ጊዜ የሚነሳው ጥያቄ የጽዳት ጉዳይ መሆኑ ያበቃል። ማን ይክፈል የሚል የገንዘብ ጥያቄ ይሆናል።

ጠብታዋ ምን ታደርጋለች?

ኮንክሪት ሲያዩት ድንጋይ ቢመስልም በውስጡ እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ከሞተር የሚንጠባጠበው ዘይት በእነዚህ ቀዳዳዎች እየሰረገ ይገባል። የሞተር ዘይት በራሱ ሲሚንቶን እንደ አሲድ አይበላም። ጉዳቱ ሌላ ነው። ቀዳዳዎቹን ስለሚሞላ ከዚያ በኋላ በላዩ የሚደረግ ሲሚንቶ፣ ቀለምም ሆነ ማጣበቂያ አይዝም። ከአቧራ ጋር ሲቀላቀል ደግሞ የሚያንሸራትት ጥቁር ንጣፍ ይሠራል።

የባትሪ ውኃ ነገር ከዚህ ይከፋል። በውስጡ ያለው ሰልፈሪክ አሲድ ሲሚንቶውን በቀጥታ ስለሚበላ፣ ባትሪ የሚሞላበት ጥግ ከሌላው ወለል ቀድሞ ይላጣል። አሲድ በፈሰሰ ጊዜ የጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጎ ቤኪንግ ሶዳ ወይም ኖራ መነስነስ፣ መፍላቱን እስኪያቆም መጠበቅና ከዚያ በብዙ ውኃ ማጠብ ያስፈልጋል።

የማፍረስ ሒሳብ

ወለሉን ችላ ማለት የሚያስከትለውን ወጪ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። 100 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ጋራዥ ወለሉ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ቢፈለግ 10 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይጠይቃል። በአገራችን የግንባታ ልማድ ሲ-25 ለሚባለው ደረጃ በአንድ ሜትር ኩብ 360 ኪሎ ግራም ያህል ሲሚንቶ ይያዝለታል። ይህም በጠቅላላው 36 ኩንታል ይመጣል ማለት ነው። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ፌሮውና የእጅ ዋጋው ገና አልተቆጠረም። የአንድ ሜትር ኩብ ኮንክሪት ክብደት 2,400 ኪሎ ግራም ገደማ በመሆኑ፣ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው አሮጌ ወለል ሲፈርስ 24 ቶን ፍርስራሽ ተጭኖ መውጣት አለበት።

ከሁሉም የሚከብደው ግን ጊዜው ነው። ኮንክሪት የታቀደለትን ጥንካሬ የሚለካው በ28 ቀኑ ነው። ሥራው ተቋርጦ፣ የቤት ኪራይ እየተቆጠረ፣ መካኒኮች እጃቸውን አጣጥፈው የሚቀመጡበት ወር ማለት ነው። ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም፤ አንዴ ወደ ጎረቤት ጋራዥ ከዞረ ለመመለሱ ዋስትና የለም።

በአንጻሩ የዕለት ጽዳት የሚጠይቀው ሰጋቱራ፣ ሳሙና፣ ጠንካራ ብሩሽና ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ጉልበት ነው።

ቤንዚን አይታጠብበትም

በብዙ ጋራዦች የሚታየው ትልቁ ስህተት ወለልን በቤንዚን ማጠብ ነው። ቤንዚን ግራሶውን ማሟሟቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሟሟውን ዘይት ይዞ ይበልጥ ወደ ውስጥ ያሰርገዋል። ከዚህም በላይ ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ሄዶ በመፈተሻው ጉድጓድ ውስጥ ይተኛል። አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ስትደርስበት የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። በዚህ ሒሳብ የአንድ ቀን ጽዳት የሙሉ ንብረት፣ ከዚያም አልፎ የሰው ሕይወት ዋጋ ሊያስከፍል ይችላል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው። በመጀመሪያ የረጋው ግራሶ በአካፋ ወይም በላሜራ ቁራጭ ይፋቃል። ቀጥሎ እርጥቡ ዘይት ላይ ሰጋቱራ ወይም ደረቅ አሸዋ ተነስንሶ እስኪመጥ ይተዋል፤ ከዚያም ይጠረጋል። ዘይት የመጠጠ ሰጋቱራ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል ክዳን ባለው የብረት በርሜል እንጂ በጆንያ መቀመጥ የለበትም። በሦስተኛ ደረጃ በሙቅ ውኃ የተበጠበጠ የልብስ ሳሙና ዱቄት ይፈስና ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቆይቶ በብሩሽ ይፈተጋል። ውኃ የሚገባው በመጨረሻ ነው። ከዘይቱ በፊት ውኃ ማፍሰስ ቆሻሻውን ከማስፋት በቀር የሚፈይደው የለም።

ቆየት ያለ ጥቁር እድፍ ሲሆን ሳሙናውን ዘይት ከሚመጥ ዱቄት ጋር እንደ ሊጥ አቡክቶ መለጠፍ፣ በላስቲክ ሸፍኖ ማሳደርና በማግስቱ መፋቅ ይረዳል። ሁለት ሦስት ጊዜ መደጋገም ሊያስፈልግ ይችላል።

ያጠበው ውኃ ወዴት ይሄዳል?

ከጋራዥ የሚወጣ ውኃ ወደ መንገድ ቦይ ሲለቀቅ መድረሻው ወንዝ ነው። በአዲስ አበባ እንዲህ ያለው ፍሳሽ በአቃቂ ወንዝ በኩል እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ይወርዳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በአንድ የሞተር ዘይት ለውጥ የሚወጣው አሮጌ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊበክል እንደሚችል ያስጠነቅቃል። በአገራችንም የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ብክለት ማድረስን ይከለክላል።

መፍትሔው ወለሉን በአንድ ሜትር ከአንድ እስከ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተዳፋት ሰጥቶ ውኃውን ዘይት መለያ ባለው ጉድጓድ ማሳለፍ ነው። ዘይት ስለሚንሳፈፍ ከላይ ይቀራል፤ ውኃው ከሥር ባለው ቱቦ ያልፋል። የተጠራቀመው ዘይት በየጊዜው ካልተቀዳ ግን ጉድጓዱ መኖሩ ብቻውን ዋጋ የለውም።

የማታ ሊሾ

ጋራዥ ለሚገዛ ወይም ለሚከራይ ሰው ከሁሉም የሚያሰጋው ለእይታ ተብሎ የሚሠራ ጥገና ነው። ዘይት በጠጣ ወለል ላይ ስስ ሲሚንቶ ተለስኖ ቦታው አዲስ ይመስላል። የመኪና ክሪክ ካረፈበት በኋላ ግን እንደ ቅርፊት ይነሳል። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መቅጠር አያስፈልግም። ወለሉን በመዶሻ እጀታ መታ መታ ሲያደርጉት ባዶ ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ ልስኑ ከሥሩ ለቋል። ውኃ ጠብ ሲደረግበት ሳይመጠጥ እንደ ዶቃ ከተንከባለለም ወለሉ ዘይት ይዟል፣ ወይም በሌላ ነገር ተቀብቷል ማለት ነው።

የሙያው ሕግ ግልጽ ነው። የተሰነጠቀውን ወይም ዘይት የጠጣውን ክፍል ንጹሕ ኮንክሪት እስኪገኝ በመሮ ጠርቦ፣ ጠርዙን ቀጥ አድርጎ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ በውኃ አርሶ በአዲስ ሲሚንቶና አሸዋ መሙላት ይገባል።

ኢፖክሲ የተባለውን ቀለም የሚመርጡም አሉ። ዘይት ወደ ውስጥ እንዳይሰርግ ስለሚከለክል ጥሩ ነው፤ ሆኖም እርጥበት ባለበት ወለል ላይ ይላጣል። ላስቲክ አንጥፎ ጠርዙን በፕላስተር ማሸግና አሳድሮ ማየት ይቻላል፤ ከሥሩ ላብ ካወጣ ጊዜው ገና ነው። ብዙዎቹ የኢፖክሲ ዓይነቶች ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች በሚገባ ስለማይደርቁ፣ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድም ሊታሰብበት ይገባል።

በውሉ ውስጥ ያልሰፈረ ነገር

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ የተከራየውን ነገር በተረከበበት ሁኔታ እንዲመልስ ይጠይቃል። ታዲያ በርክክቡ ዕለት የወለሉ ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ካልተያዘ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ እድፉ የማን እንደሆነ የሚመሰክር አይገኝም። ደላላውም ኮሚሽኑን ተቀብሎ ሄዷል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማገዱን ካስታወቀ ወዲህ፣ የጋራዥ ሥራ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ይዞራል የሚል ግምት አለ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አያንጠባጥብም። ይሁንና ባትሪው ከባድ በመሆኑ ከአቻው የነዳጅ መኪና በክብደት ይበልጣል፤ የማንሻው ብሎን የሚይዘው ጠንካራ ኮንክሪት ይፈልጋል። ብዙ የማንሻ አምራቾች ውፍረቱ ከ10 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስ ያዝዛሉ። በመንገድ ላይ ያሉት የነዳጅ መኪኖችም በአንድ ጀምበር የሚጠፉ አይደሉም።

ስለዚህ ለነባሩም ሆነ ለአዲሱ ሥራ ወለል ያው ወለል ነው። ከሥሩ ሁለት እግር ዘርግቶ የሚሠራው መካኒክ ሕይወቱን፣ ባለንብረቱ ደግሞ ገንዘቡን ያስቀመጡት በእርሱ ላይ ነው።