ሕፃናትን በካንሰር ሕክምና ወቅት የማረጋጋት ዘዴዎች

የማረጋጋት ዘዴዎች ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት በሕክምና ወቅት የሚሰማቸውን ፍርሃትና ሕመም ለማቅለል የሚረዱ የአተነፋፈስ፣ የምናብና የጡንቻ ልምምዶች ናቸው።

በሕፃናት ላይ በብዛት የሚታየው ካንሰር የደም ካንሰር (ሉኪሚያ) ነው። ሕክምናው ከ2 ዓመት በላይ ሊወስድ ስለሚችል መርፌው ይደጋገማል። ከጀርባ አከርካሪ ፈሳሽ ሲወሰድ ልጁ በጎኑ ተኝቶ፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ አጥፎ ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። የመጀመሪያው ቀን በፍርሃት ካለፈ ቀጣዩ ይከብዳል፤ አንዳንድ ልጆች መድኃኒቱ ሳይሰጣቸው ገና ሆስፒታሉን ሲያዩ ያቅለሸልሻቸዋል።

'''ዋና ዋና ዘዴዎች'''
* '''አተነፋፈስ፦''' ትንንሽ ልጆች የሳሙና አረፋ ይነፋሉ። አረፋው እንዳይፈነዳ ቀስ ብለው ስለሚነፉ ትንፋሻቸው ይረዝማል፤ ይህም የልብ ምትን ያረጋጋል።
* '''ምናብ፦''' ተለቅ ያሉት ዓይናቸውን ጨፍነው የሚወዱትን ቦታ ከነድምፁና ከነሽታው ያስባሉ።
* '''ጡንቻን ማፍታታት፦''' መርፌ ያልተሰካበትን እጅ ጨብጦ ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። የዘዴው መሥራች አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን በ1929 እ.ኤ.አ. ስለ እሱ መጽሐፍ አሳትሟል።

ልምምዱ አስቀድሞ ቤት ውስጥ በጨዋታ መልክ ቢጀመር ይመረጣል። «ምንም አያምም» ብሎ መዋሸት ግን ልጁ በሚቀጥለው ጊዜ ወላጁንም ሐኪሙንም እንዳያምን ያደርጋል። ዘዴዎቹ ካንሰርን አያድኑም፤ ማደንዘዣንም አይተኩም፤ ከማደንዘዣ ጋር አብረው የሚሰጡ ናቸው።