የሸዋ ሮቢት ከተማ አቀማመጥና የቤቶቿ አሠራር

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ከፍታው ከ3,000 ሜትር ከሚበልጠው ከጣርማ በር ብርድ በደብረ ሲና በኩል ወርዶ፣ 220 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ በሮቢ ወንዝ አጠገብ ሸዋ ሮቢትን ያገኛል። የከተማዋ ከፍታ 1,300 ሜትር ገደማ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከተማዋ ለምን በዚህ አኳኋን እንደ ተሠራችና ይህም ምን ችግር እንደሚያስከትል ማስረዳት ነው።

በይፋት ከተማ መቆርቆር አዲስ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የሞተው ዐረባዊ የመልክዐ ምድር ጸሐፊ አቡል ፊዳ ስለ ይፋት ከተማ ሲገልጽ፣ ቤቶቹ የተበታተኑ፣ የንጉሡ መኖሪያ በአንድ ኮረብታ፣ ምሽጉም በሌላው ላይ የቆመ መሆኑን፣ በሸለቆውም ትንሽ ወንዝ መኖሩን ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ዓመታት ፎቬልና ኢርሽ የተባሉት የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ካጠኗቸው የድንጋይ ከተሞች ፍርስራሾች መካከል የኖራ ፍርስራሽ የሚገኘው ከሜዳው ከፍ ባለ ተረተር ላይ ነው። የከፍታው ጥቅም ለመረዳት አያስቸግርም፤ ከወባ፣ ከደራሽ ጎርፍና ከጠላት ይጠብቃል፤ ለም የሆነውንም ሜዳ ለእርሻ ይተወዋል።

የሸዋ ሮቢትን መልክ የወሰነው ግን ኮረብታው ሳይሆን የመኪና መንገዱ ነው። ጠላት አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ የጣርማ በር ዋሻ ተፈልፍሎ መኪና ወደ ቆላው የሚወርድበት በር ተከፈተ። ስለዚህ ሱቁም ምግብ ቤቱም ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ በግራና በቀኝ ተሰለፈ፤ መኖሪያ ቤቶችም ከኋላው ተከተሉ።

የቤቱም አሠራር ከደጋ የመጣ ነው። ግድግዳው ጭቃ ወይም ብሎኬት፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ ዝናብ ያስቀራል፤ ነገር ግን የቀኑን ሐሩር ፈጥኖ ወደ ቤት ያስገባል። በከሚሴ በኩል በሾንኬ ተራራ ያሉት አርጎባዎች ግን በወፍራም የድንጋይ ግንብና በእንጨት ላይ አፈር በተደለደለበት ጠፍጣፋ ጣራ ሙቀቱን ይከላከላሉ።

ይህን ማነጻጸር የሚያስፈልገው ያለፈውን ለማሞገስ ብቻ አይደለም። በሮቢ ውሃ የሚለማው የሽንኩርትና የፍራፍሬ መሬት ቤት ከተሠራበት ተመልሶ እርሻ አይሆንም። እንግዲህ የከተማ ፕላን አውጪዎች ሜዳውን ለመስኖ፣ ዳገቱን ለመኖሪያ ቢለዩ፣ ቤቱም ሰፊ በረንዳና ኮርኒስ ቢኖረው፣ የቀድሞዎቹ የይፋት ሰዎች የመረጡትን ብልሃት ለዛሬ ኑሮ ማዋል ይቻላል።