ጃንሜዳና ያጸዱት እጆች

ጅግጅጋ ለጥ ባለ ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናትና ደልዳላ የኳስ ስፍራ ፍለጋ ሩቅ አያስኬድም። አዲስ አበባ ግን ኮረብታና ወንዝ የከፋፈላት ስለ ሆነች፥ በስድስት ኪሎ አጠገብ ያለው ጃንሜዳ እንደ ብርቅ ይቈጠራል። ስሙም የንጉሥ ሜዳ እንደ ማለት ነው። ፈረስ ተጋልቦበታል፤ የገና ጨዋታ ተጫውተውበታል፤ አገር አቋራጭ ሩጫም ለብዙ ዓመታት ተካሂዶበታል።

በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፥ የሕዝቡ መጨናነቅ እንዲቀንስ የአትክልት ተራ ገበያ ወደዚሁ ሜዳ ተዛወረ። ጊዜው ያስገደደው ውሳኔ ነበር። ነገር ግን ሜዳ ባዶ ስለሚመስል ለማናቸውም ጉዳይ የሚበቃ ይመስለናል፤ በዚህ አሳብ እኛ የመንግሥት ሠራተኞች ሳንሳሳት አንቀርም። ክረምቱ ሲገባ የበሰበሰው ጎመንና ሽንኩርት ከጭቃው ጋራ ተላወሰ፤ የሯጭና የኳስ ተጫዋች መዋያ የነበረው ሣርም ተረግጦ ጠፋ።

በ2013 ዓ.ም. ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ሲሄድ ጥምቀት ተቃርቦ ነበር። በዚያን ጊዜ ወጣቶችና የየሰፈሩ ነዋሪዎች ደመወዝ ሳይጠይቁ ወጥተው፥ ወራት ያከማቹትን ቆሻሻ ያነሡ ጀመር። በጥር ወርም ታቦታቱ እንደ ቀድሞው በዚያው ሜዳ አደሩ።