ያልተዘፈነው ግጥም ያስገኘው ገንዘብ

የ«ስታር ትሬክ» ፈጣሪ ጂን ሮደንበሪ ገና ከጅምሩ በገንዘብ የተንበሸበሸ ለሚመስለው ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ይህ የጠፈር ድራማ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1969 በአሜሪካው ኤንቢሲ 79 ክፍል ታይቶ ተቋረጠ። ዝናው የገነነው ከዚያ በኋላ፣ በየአካባቢው ጣቢያዎች ሲደጋገም ነው።

ታዲያ ሮደንበሪ ገቢ ከየት ፈለገ? አንዱ መንገድ ይኸውና። የመክፈቻውን ዜማ የደረሰው አሌክሳንደር ከሬጅ ነበር። ውሉ ሮደንበሪ ለዜማው ግጥም እንዲጽፍ ስለሚፈቅድለት ጻፈ። ግጥሙ በድራማው ላይ አንድም ቀን አልተዘፈነም። ቢሆንም «ገጣሚ» ተብሎ ዜማው በተላለፈ ቁጥር ከሚገኘው የሮያሊቲ ክፍያ እኩሌታውን ወሰደ። ከሬጅ እጅግ ቅር ተሰኘ፤ ውሉ ላይ ግን ፊርማው ነበረ።

እኔ ይህን «ብልጠት ነው» ብዬ አላልፈውም። ሮደንበሪ በ1991 ሲሞት ያወረሰን ነጩም ጥቁሩም እስያዊውም አብረው የሚሠሩባትን መርከብ ነው። የመርከቧ ዜማ ዋጋ ግን ለደከመውም ላልደከመውም እኩል ተካፍሏል። ስለዚህ የጥበብ ተማሪዎች ሆይ፣ ድርሰታችሁን ከማስረከባችሁ በፊት ውሉን እስከ መጨረሻው መስመር አንብቡት። ከፈረሙ በኋላ መቆጨት ገንዘብ አይመልስም።