አገጭ ኪሎ አይጨምርም

በመስከረም 2025 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቦክሰኛው ቴረንስ ክራውፎርድ ላስ ቬጋስ ላይ የ76 ኪሎ ሻምፒዮኑን ካኔሎ አልቫሬዝን ሲገጥም፣ ጥያቄው ማን ይበልጣል የሚለው ብቻ አልነበረም፤ ኪሎው ይፈቅድለታል ወይ የሚልም ነበር። ክራውፎርድ የመጀመሪያውን የዓለም ቀበቶ በ2014 የታጠቀው በ61 ኪሎ ምድብ ነው። ይኼኛው ግጥሚያ በ76 ኪሎ ነበር፤ ያውም ከ70 ኪሎ ተነሥቶ፣ መሀል ያለውን የ72.5 ኪሎ ምድብ ዘልሎ። ሦስቱም ዳኞች ለእርሱ ፈረዱ።

ይህን አይቶ «ችሎታ ካለ ኪሎ ምን ያመጣል» ለሚል ሰው የኬል ብሩክን ታሪክ መንገር ነው። እንግሊዛዊው ብሩክ ያልተሸነፈ የ66.7 ኪሎ ሻምፒዮን ነበር። በመስከረም 2016 ሁለት ምድብ ወጥቶ ለንደን ውስጥ የ72.5 ኪሎ ሻምፒዮኑን ጌናዲ ጎሎቭኪንን ገጠመ። አልፈራም፤ በሁለተኛው ዙር ጥሩ ጥሩ ቡጢ አሳርፏል። ጎሎቭኪን ግን እየተመታም ወደ ፊት መምጣቱን አላቆመም፤ የእርሱ ምት ደግሞ የብሩክን የቀኝ ዓይን ዙሪያ አጥንት ሰበረ። በአምስተኛው ዙር የብሩክ አሰልጣኝ ግጥሚያው እንዲቆም ፎጣ ወረወረ። ብሩክ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ቀድሞ ኪሎው ወርዶ ኤሮል ስፔንስን ሲገጥም ደግሞ የግራው ተሰበረ።

እነዚህ ጥቂት ኪሎዎች ይህን ያህል ልዩነት የሚያመጡት ለምንድን ነው? በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት የኦሎምፒክ ቦክሰኞችን፣ ከዝንብ ሚዛን እስከ ከባዱ ያሉትን፣ መለኪያ የተገጠመለት አሻንጉሊት አገጭ ላይ እንዲመቱ አድርገው ውጤቱን በ2005 አሳትመዋል። የእጃቸው ፍጥነት በአማካይ በሰከንድ 9 ሜትር ገደማ፣ የምታቸው ኃይል ደግሞ 3,400 ኒውተን ያህል ነበር። ይህ 350 ኪሎ የሚመዝን ነገር ከሚያሳርፈው ጫና ጋር ይቀራረባል፤ የሚቆየው ግን ለቅጽበት ነው። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ግኝቱ ግን የቦክስ አሰልጣኞች ከሚሉት ጋር ይገጥማል። ከባዶቹ ጠንክረው የሚመቱት በዋናነት እጃቸው ስለሚፈጥን አይደለም። ከቡጢው ጋር አብሮ የሚደርሰው ክብደት ስለሚበልጥ ነው። ጥሩ ምት ከተረከዝ ተነሥቶ፣ በዳሌና በትከሻ አልፎ ነው እጅ ላይ የሚደርሰው፤ ሲያርፍ ከዚያ ሁሉ አካል ከፊሉ አብሮ ያርፋል። ትልቅ ሰው ከኋላው የሚያሰልፈው ብዙ ነው።

አሁን ወደ ተመቺው እንምጣ። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት 4.5 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የ60 ኪሎው ሰው ጭንቅላት ከ90 ኪሎው ጭንቅላት ያን ያህል አይርቅም። ክንድና ጭን በብረትና በምግብ ይወፍራሉ፤ አንገትም ትንሽ ይጠነክራል። አገጭ፣ የዓይን ዙሪያ አጥንት፣ አንጎል ግን ኪሎ አይጨምሩም። ስለዚህ ወደ ላይኛው ምድብ የወጣ ቦክሰኛ የሚመጣበት ምት ይከብዳል፣ የሚቀበልበት አካል ግን ያው የድሮው ነው። ወጥተው የተሳካላቸውን ብትመለከቱ አብዛኞቹ አንድ የጋራ ነገር አላቸው፤ ቡጢ በቀላሉ የማያርፍባቸው ሰዎች ናቸው። ጡንቻ ጨምሮ ምት ለምት ለመለዋወጥ የወጣ፣ የምት ንግዱን ይከስራል።

ለትንሹ ሰው የሚያግዝ ሌላ ሕግም አለ። ቁመት፣ ወርድና ውፍረት እኩል በ10 በመቶ ቢያድጉ፣ ኃይል የሚሰጠው የጡንቻ ስፋት በ21 በመቶ ብቻ ሲጨምር ክብደት በ33 በመቶ ያድጋል። ትልቁ የሚሸከመው ከሚያመነጨው በላይ ያድጋልና ቶሎ ይደክማል። ከታችኛው ምድብ የወጣው ቢሊ ኮን በሰኔ 1941 ኒው ዮርክ ውስጥ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮኑን ጆ ሉዊስን፣ ይህን ተጠቅሞ እየገባና እየወጣ፣ እስከ 12ኛው ዙር መርቶታል። በ13ኛው ግን በዝረራ ልጣለው ብሎ ቆመለት። ዙሩ ሊያልቅ 2 ሰከንድ ሲቀረው ተዘረረ።

ማኒ ፓኪያዎ በስምንት ምድቦች ሻምፒዮን በመሆኑ ሁሌ ምሳሌ ይሆናል፤ በከፊል ግን ያሳስታል። በ1998 በ50.8 ኪሎ ቀበቶ ሲያገኝ ገና 19 ዓመቱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ያንን ኪሎ ማሟላት አቅቶት ቀበቶውን ሚዛን ላይ አጣ። የመጀመሪያዎቹን ምድቦች የወጣው ልጅ ሆኖ እያደገ ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛው ፈተና የመጣው በኅዳር 2010 ቴክሳስ ውስጥ ከአንቶኒዮ ማርጋሪቶ ጋር ሲጋጠም ነው። ስምምነቱ 68 ኪሎ ነበር። ሚዛኑ ግን ከግጥሚያው አንድ ቀን በፊት ስለሆነ ቦክሰኞች በላብ ያወጡትን ውኃ ጠጥተው ይመልሳሉ፤ ወደ ሪንግ ሲገቡ ማርጋሪቶ 75 ኪሎ ገደማ፣ ፓኪያዎ 67 ነበሩ። ፓኪያዎ መትቶ ወደ ጎን እያመለጠ 12ቱንም ዙር ጨርሶ በሰፊ ነጥብ አሸነፈ፤ የዓይን ዙሪያ አጥንቱ የተሰበረው ማርጋሪቶ ነው። ይሁንና በስድስተኛው ዙር ጎኑ ላይ ያረፈች አንዲት ግራ ምት ክፉኛ አሳምማዋለች፤ ያንን ዙር መትረፉን ራሱም እንደ ዕድል ነው የቆጠረው።

ስለዚህ ምድቡን ከማየት አጥንቱን ማየት ይሻላል ባይ ነኝ። ክራውፎርድ ከካኔሎ ጋር በቁመት ይቀራረባል፤ የተዘረጋ ክንዱ ግን 188 ሴንቲ ሜትር ሲሆን የካኔሎ 179 ነው። በኪሎ ትንሹ፣ በክንድ ረዥሙ ነበር።

ሌላው ብዙ ጊዜ የሚረሳው መመለሱ ነው። ሮይ ጆንስ በመጋቢት 2003 ወደ 87.5 ኪሎ ወጥቶ፣ 102 ኪሎ የሚመዝነውን ጆን ሩይዝን በነጥብ አሸንፎ የከባድ ሚዛን ቀበቶ ወሰደ። ወዲያው ወደ ቀድሞ ምድቡ፣ ወደ 79 ኪሎ ወረደ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አንቶኒዮ ታርቨርን በጭንቅ አሸነፈ፤ በግንቦት 2004 ታርቨር በሁለተኛው ዙር ዘረረው፤ በመስከረም ደግሞ ግሌን ጆንሰን በዘጠነኛው። ከዚያ በፊት የሚታወቅበት ሽንፈት አንድ ብቻ፣ እርሱም ደንብ ጥሶ ነበር። ዕድሜው 35 መድረሱ አይካድም። እኔ ግን ያንን ሁሉ ጡንቻ በወራት ውስጥ ማቅለጡ ከዕድሜው ያላነሰ የጎዳው ይመስለኛል። ኦሌክሳንደር ኡሲክ በተቃራኒው በ2018 የ90.7 ኪሎውን ምድብ ጠቅልሎ ወጣ፣ ላይም ቀረ፤ በግንቦት 2024 ሪያድ ላይ ታይሰን ፉሪን ሲያሸንፍ 101 ኪሎ ነበር፤ ፉሪ 119።