ያውቁ ኖሯል? የአኩሪ አተር ቅጠል ጉልበቱ ለየቅል ነው

አዲስ አበባ ዓለም ባንክ ሰፈር ካሉ ሱቆች ጎራ ብለው የጾም ወተት ወይም የሕፃናት ዱቄት ቢያነሱ፣ ማሸጊያው ላይ «አኩሪ አተር» የሚል ጽሑፍ ማየትዎ አይቀርም። ፍሬውን የሚያደልበው ቅጠሉ ነው፤ ቅጠሉ ምግብ የሚሠራበት ብርሃን አስተጻምሮ ደግሞ ከዝርያ ዝርያ ይለያያል።

ያውቁ ኖሯል?

• ዓለም ባንክ ጓሮ ቢዘሩት እምብዛም አይቀናዎትም። ሰፈሩ ከባሕር ወለል ከ2,200 ሜትር በላይ ነው፤ አኩሪ አተር ደግሞ ሞቅ ያለ አየር ይወዳል። መተከል፣ አሶሳ፣ ጅማና ወለጋ የተስማሙት ለዚሁ ነው።

• እ.ኤ.አ. በ1970 ዶርንሆፍና ሺብልስ የተባሉ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ 20 ዝርያዎችን አነጻጽረው ነበር። እኩል ስፋት ያለው ቅጠል እኩል ካርቦን ዳይኦክሳይድ አይስብም፤ ወፈር ያለ ቅጠል ያላቸው ወደ መብለጡ ያዘነብላሉ።

• በሀገራችን ከተለቀቁት ዝርያዎች ክላርክ 63ኬ፣ ዊሊያምስና ክራውፎርድ ስማቸውን ከአሜሪካ ይዘው የመጡ ናቸው። በለሳ-95 ዘግይተው ከሚደርሱት ይመደባል፤ ዝናቡ ካልከዳው ቅጠሉ ብዙ ቀን ይሠራል።

• ጤፍ በአንድ ነገር አኩሪ አተርን ያስከነዳል። ሩቢስኮ የተባለው ኢንዛይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሊይዝ ሲገባው ኦክስጅን እየያዘ ጉልበት ያባክናል። ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ካርቦኑን አጠገቡ አከማችተው ብክነቱን ይቀንሱታል። አኩሪ አተር ይህ ዘዴ የለውም፤ በዚህ ብክነት ሳቢያ አሜሪካ የምታጣው የአኩሪ አተር ምርት 36 በመቶ እንደሚደርስ ተሰልቷል።

• አረንጓዴነት ሁሉ ጉልበት አይደለም። የሐመልሚሉ (የአረንጓዴ ቀለሙ) መጠን በግማሽ ያህል የቀነሰ ገርጣ ያለ አኩሪ አተር ማሳ ላይ ሲለካ፣ ብርሃን አስተጻምሮው ብዙም አልወረደም።

• ውሃ ሲጠማው በቀትር ቅጠሎቹን አዙሮ ብርማ ጀርባቸውን ያሳያል። ከሚያቃጥል ፀሐይ የሚሸሸው እንዲህ ነው።

• ኢሊኖይ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1923 እስከ 2007 የተለቀቁ 24 ዝርያዎች ጎን ለጎን ተዘርተው ነበር። አዳዲሶቹ የበለጠ ብርሃን ይሰበስባሉ፣ በተሻለ ይጠቀሙበታል፣ ከሠሩትም ለፍሬው የሚያደርሱት ድርሻ ይበልጣል። አገዳቸውም በቀላሉ አይጋደምም።

• መጋደም ቀላል ጣጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ከጥላ ወደ ፀሐይ ሲወጣ ቅጠሉ ቶሎ እንዲነቃ ዘረመሉ የተሻሻለ አኩሪ አተር እስከ 33 በመቶ ተጨማሪ ምርት ሰጥቶ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ሰብሉ በመጋደሙ ልዩነቱ አልታየም።

• ጥሩ ዝርያም ናይትሮጅን ካላገኘ ቅጠሉ ይደክማል። ሩቢስኮ ራሱ የሚሠራው ከዚያ ነው። ገበሬው ቢጠራጠር አንድ ተክል ከነሥሩ ይንቀል፤ ሥሩ ላይ ያሉትን፣ ናይትሮጅን የሚያቀርቡ ባክቴሪያዎች የሚኖሩባቸውን ትንንሽ እባጮች በጥፍሩ ይሰንጥቅ። ውስጣቸው ቀላ ካለ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው፤ አረንጓዴ ወይም ግራጫ ከሆነ ግን አልሠሩም ወይም ሥራቸውን ጨርሰዋል። ለሚቀጥለው ዘር ባክቴሪያ ያለበትን ሕያው ማዳበሪያ ከዘሩ ጋር ማሸት ይበጃል።